ችፌው የማን ነው?

[ላውንደሪ ቤት። ከባንኮኒው ኋላ የታጠበ ልብስ በመስቀያ ተደርድሯል፤ ካውያው እየተነፈሰ እንፋሎቱ ጣሪያ ይልሳል። የሕፃኑ የእናት አባት፣ የላውንደሪው ባለቤት፣ ነጭ ጋውን ይተኩሳል። የሕፃኑ የአባት አባት፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ የሕፃኑን ፎቶ ያያል። የሕፃኑ እናት ልጇን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄዳለች፤ ሁለቱም እሷን እየጠበቁ ነው። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።]

ላውንደሪው፦ ጆሮው የኔ ነው ብያለሁ፤ አለቀ።

ሾፌሩ፦ እንዴት ያልቃል? ቀረብ ይበሉና ፎቶውን ይዩት እስቲ። ጫፉ ጋ እንዲህ ጥቅልል ያለው የማን ነው?

ላውንደሪው፦ የኔ።

ሾፌሩ፦ የእርስዎ ጆሮ እኮ አይጠቀለልም፤ ዝርግ ነው።

ላውንደሪው፦ ልጅ ሆኜ ይጠቀለል ነበር። ዕድሜ ልኬን እንፋሎት ውስጥ ቆሜ ነው የተተኮሰው።

ሾፌሩ፦ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ነው የማውቀው። እርስዎ ግን የሰው ጆሮ ሳይቀር ተዛመዱት።

ላውንደሪው፦ የሰው? የገዛ የልጅ ልጄን ጆሮ?

ሾፌሩ፦ የኔም የልጅ ልጅ ነው አማቼ። አይርሱት እንጂ።

ላውንደሪው፦ መች ረሳሁት። ግን እንነጋገር ከተባለ፣ በመልክ ምን አለዎት? ግንባሩ የሚስቴ ነው። አፍንጫው የኔ ነው። ሲቆጣ ቅንድቡን የሚሰበስባት ነገር ቁርጥ ልጄን ናት።

ሾፌሩ፦ ትንሿ የእግር ጣቱስ?

ላውንደሪው፦ የአክስቴ ናት።

ሾፌሩ፦ የአክስትዎን የእግር ጣት እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ?

ላውንደሪው፦ የማይረሳ ጣት ነበራት።

ሾፌሩ፦ እሺ እንቅልፉስ? መኪና ውስጥ ሲሆን ሞተሩ ከመነሳቱ ድርግም ይላል። ይሄ እንኳ ያለ ጥርጥር የኔ ነው። እኔም እንደዚያው ነኝ።

ላውንደሪው፦ እርስዎ የአውቶቡስ ሾፌር አልነበሩም?

ሾፌሩ፦ ነበርኩ።

ላውንደሪው፦ ታዲያ ሞተር ሲነሳ ድርግም ይሉ ነበር?

ሾፌሩ፦ [ትንሽ ያስባል] እንቅልፉንም ይውሰዱት።

ላውንደሪው፦ ይኸውልዎ፤ ላም ባልዋለበት ኩበት አይልቀሙ። አንዳንድ ልጅ እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ወገን ያደላል። ክፋት የለውም።

ሾፌሩ፦ ይከፋል እንጂ። ሰው ከልጅ ልጁ አንድ ነገር ያጣል? ሳቅፈው ሰው አይቶ "የማን ልጅ ነው?" እያለ ሲጠይቀኝ ምን ያህል ቅር እንደሚለኝ እርስዎ አያውቁም። እሺ፤ ጆሮውንም፣ ጣቱንም፣ ሁሉንም ይውሰዱ። ችፌውን ብቻ ይተዉልኝ።

ላውንደሪው፦ [ካውያውን ያነሳል] ምኑን?

ሾፌሩ፦ ችፌውን። ጉንጩ ላይና ከጉልበቱ ማጠፊያ ላይ የወጣበትን፣ አሁን ሐኪም ዘንድ የሄዱበትን። እሱ የኔ ነው።

ላውንደሪው፦ ሰው ርስት ሲሻማ አይቻለሁ። ችፌ ሲሻማ ግን ዛሬ ገና አየሁ።

ሾፌሩ፦ ምን ሌላ ተረፈኝ? እኔም እኮ ያሳክከኛል። [የሸሚዙን እጅጌ ሰብሰብ አድርጎ የእጅ ሰዓቱን ጠርዝ ያነሳል] ይኸው፤ እዚህ ስር። አባቴም ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ነበር የሚያድረው።

ላውንደሪው፦ አባትዎ ምን ላይ ነበር የሚተኙት?

ሾፌሩ፦ ቁንጫ ነበረብን። ግን እኛ ቁንጫው ሳይነክሰንም እናክ ነበር።

ላውንደሪው፦ አማቼ፣ ችፌ እንዲህ እንደ ጋቢ ከትከሻ ትከሻ የሚጣል አይደለም። ሳይንስ አለው። ዘረመል የሚባል ነገር አለ።

ሾፌሩ፦ እርስዎ ሳይንሱን በየት በኩል አወቁት?

ላውንደሪው፦ [የሚተኩሰውን ጋውን ያነሳል] ይሄ የማን ነው?

ሾፌሩ፦ የሐኪም።

ላውንደሪው፦ የሆስፒታሉ ጋውን በሙሉ የሚታጠበው እኔ ጋ ነው። የቆዳ ክፍሉ፣ የሕፃናት ክፍሉ፣ የቀዶ ጥገናው። የቀዶ ጥገናውን ደሙን አይቼ ምን እንደቆረጡ እነግርዎታለሁ።

ሾፌሩ፦ ጋውን ያጠበ ሁሉ ሐኪም ከሆነማ እኔም አብራሪ ነኝ። የአየር መንገድ ሠራተኞችን አመላልስ ነበር።

ላውንደሪው፦ እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተዋቸው ነበር የሚነዱት። እኔ ፊት ለፊት ነው የማወራቸው። ልብስ ሊወስዱ ሲመጡ ዝም ብዬ አልሸኝም፤ እጠይቃለሁ። አንዱ ሐኪም እንዲያውም "አንተ ጋ ስመጣ ፈተና የምቀመጥ ይመስለኛል" ብሎ ላውንደሪ ቀይሯል።

ሾፌሩ፦ እና ችፌው የኔ ነው አይደለም?

ላውንደሪው፦ አይደለም። ችፌ ማለት እንዲህ በቀላሉ... [ድንገት ይቆማል። ካውያውን በዝግታ ያቆመዋል። ፊቱ ይፈካል] ቆይ ቆይ። እስቲ እጅዎን ያምጡ።

ሾፌሩ፦ ይኸው።

ላውንደሪው፦ [ሳያይ] ችፌ ነው። ጥርት ያለ ችፌ። የዘር።

ሾፌሩ፦ እውነት?

ላውንደሪው፦ ዘር ከልጓም ይስባል ሲባል አልሰሙም? የማሙሽ ችፌ ከእርስዎ ነው የመጣው። የኔ ብለዋል፣ የእርስዎ ነው። እኔ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልከራከርም።

ሾፌሩ፦ እግዜር ይስጥልኝ። አማች ማለት እንዲህ ነው። እስቲ እንዴት አድርጎ ከኔ እንደሄደ ይንገሩኝ፤ ለሚስቴም እነግራታለሁ።

ላውንደሪው፦ ቆዳ ጨርቅ ነው ይበሉ። ጨርቅ ደግሞ ሽመናው ጥብቅ ሲሆን ውሃም አያስወጣ፣ አቧራም አያስገባ። ሽመናውን የሚያዘው ዘረመል ነው። አንድ አይመስልዎ፤ ብዙ ነው። የእርስዎ ዘር ሲሸምን ክሩን አላጠበቀውም። ላላ። ስለዚህ የልጁ ቆዳ ከውስጥ ርጥበቱን ያፈሳል፣ ይደርቃል፤ ከውጭ ያገኘው ሁሉ ይገባል፣ ያሳክከዋል።

ሾፌሩ፦ እኔ ነኛ ያላላሁት።

ላውንደሪው፦ እርስዎ ነዎት።

ሾፌሩ፦ [ደስ ብሎት] ምን ያህሉ ነው የኔ?

ላውንደሪው፦ ከአያት ለልጅ ልጅ ሩብ ያህል ይደርሰዋል።

ሾፌሩ፦ ሩብ ካልን፣ ከጉልበቱ በታች የኔ ነው ማለት ነው።

ላውንደሪው፦ እንደ መሬት ተለክቶ፣ ድንበር ተደርጎለት አይደለም እኮ የሚሰጠው። መላ ሰውነቱ ላይ ተበትኖ ነው።

ሾፌሩ፦ ጉልበቱ ጋ ያለው ገባኝ። ጉንጩ ላይ የወጣውስ?

ላውንደሪው፦ እሱም የእርስዎ ነው።

ሾፌሩ፦ ድንበር ገፍቼ ነዋ። [ፎቶውን እያየ ይስቃል] የኔ ቆንጆ። ለካ እዚህ ጋ ነህ።

ላውንደሪው፦ እንግዲህ ይሄን ልጄ ስትመጣ በፊቷ ይነግሯታል?

ሾፌሩ፦ ምን ገዶኝ። ለሰፈሩም እነግራለሁ።

ላውንደሪው፦ ሳያፍሩ?

ሾፌሩ፦ ኮራሁ እንጂ ምን ያሳፍረኛል?

ላውንደሪው፦ ጥሩ። እንግዲያው ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ልጄ ሥራ ልትመለስ ነው። ማሙሽ ቀን ቀን እኔ ቤት ይዋል ወይስ እርስዎ ቤት የሚለውን ዛሬ ትወስናለች። አይደለም?

ሾፌሩ፦ ነው እንጂ። ለዚሁም አይደል የመጣሁት።

ላውንደሪው፦ ታዲያ ችፌው የእርስዎ ከሆነ፣ ምንጩ የእርስዎ ቤት ከሆነ፣ አሁን ይሄን ሕፃን ማን ጤነኛ ወደ ምንጩ ይልከዋል?

[ሾፌሩ ስልኩን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣል።]

ሾፌሩ፦ አማቼ... ይሄን አላሰብኩትም።

ላውንደሪው፦ ማሰቡን ለኔ ይተዉት። እስከ ዛሬም ከተወለደ ጀምሮ እኔ ቤት፣ እዚሁ ከላውንደሪው ኋላ ነው ያለው። ይቀጥላል። እርስዎም በየጊዜው ብቅ እያሉ ያዩታል። ከሩቅ።

ሾፌሩ፦ ሚስቴ እኮ አልጋውን አዘጋጅታለች። መጋረጃውን አውልቃ አጥባለች። እኔ ደግሞ... ምን ልበልዎ። አውቶቡሱን ካስረከብኩ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ የምሄድበት የለኝም። ልብሴን ለብሼ፣ ጫማዬን አስሬ ሶፋ ላይ ቁጭ ነው። ሚስቴ ስትጠርግ "እግርህን አንሳ" ትለኛለች፣ አነሳለሁ። የቀኑ ሥራዬ እሱ ነው። ማሙሽ መጥቶ ቢያለቅስብኝ፣ ቢያስቸግረኝ ብዬ ስንት ተመኘሁ።

ላውንደሪው፦ [ትንሽ ይራራል፤ ወዲያው ይተወዋል] ያሳዝናል። ግን ሳይንስ ነው።

ሾፌሩ፦ እሺ፤ ሳይንስ ከሆነ ምን ይደረጋል። አንድ ነገር ብቻ ያስረዱኝ፤ ጭንቅላቴ ቀርፋፋ ነው።

ላውንደሪው፦ ይጠይቁ። ሞልቶ።

ሾፌሩ፦ ልጄ፣ የማሙሽ አባት፣ ከኔ ለማሙሽ ይቀርባል። ነገሩ ከኔ ወደ ማሙሽ ከሄደ በሱ በኩል ነው ያለፈው። እሱ ግን አንድ ቀን ሲያክ አላየሁትም። ቆዳው እንደ ሸክላ ነው። እንዴት ሆነ?

[ላውንደሪው እዚህ ጋ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ ደግሞ ሳይመልስ ማለፍ አይችልበትም።]

ላውንደሪው፦ አሃ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህች ጋ ነው። ኤፒጄኔቲክስ ይባላል።

ሾፌሩ፦ የማን ስም ነው?

ላውንደሪው፦ የሰው ስም አይደለም። ይምጡ ወዲህ። [ሁለት ጋውን ከመስቀያ ያወርዳል] እነዚህ ሁለቱ ከአንድ ጣቃ የተቀደዱ ናቸው። ክሩ አንድ፣ ሽመናው አንድ፣ የሰፋቸውም አንድ ሰው ነው። እዚህ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘችው ወረቀት ምን ትላለች?

ሾፌሩ፦ [አይኑን ጨፍኖ ከፍቶ ያነባል] "በደንብ ይቀቀል" ትላለች።

ላውንደሪው፦ የዚህኛው?

ሾፌሩ፦ "አይነካ።"

ላውንደሪው፦ አዩ? ጨርቁ አንድ ነው፤ የሚደርስበት ግን ለየቅል። ወረቀቷ ጨርቁን አትለውጠውም፤ ጨርቁ ምን ይደረግ የሚለውን ነው የምታዘው። በሰውም እንደዚሁ ነው። ዘረመሉ ጨርቁ ነው። ከላይ ደግሞ ጥቃቅን ምልክት ይለጠፍበታል፤ "አንተ ሥራ፣ አንተ ተኛ" የሚል። ልጅዎ ላላ ያለውን ክር ወርሶ ይሆናል፤ ግን "ተኛ" የሚል ተለጥፎበት ተኝቶ ቀረ። ማሙሽ ላይ "ተነስ" ተብሎ ነቃ። ስለዚህ ዘር ብቻውን አይበቃም። የሚቀሰቅሰውም ያስፈልጋል።

ሾፌሩ፦ እንዴት ያለ ነገር ነው። እና ወረቀቷን ማን ነው የሚለጥፋት?

ላውንደሪው፦ ኑሮ ነዋ። የሚውልበት ቤት፣ የሚተነፍሰው አየር፣ የሚነካው ነገር።

ሾፌሩ፦ ለምሳሌ ምን?

ላውንደሪው፦ [በጣቱ እየቆጠረ] ጠንካራ ሳሙና። ሽቶ። በረኪና። ደረቅ ሙቀት። የጨርቅ ብናኝ። ጭስ። እነዚህ የላላውን ጨርቅ ያገኙት እንደሆነ አይምሩትም።

[ካውያው "ፍስስስ" ይላል። ሾፌሩ ዙሪያውን ይቃኛል፤ የሳሙናውን በርሜል፣ የበረኪናውን ጀሪካን፣ ከጣሪያው ሥር የሚንሳፈፈውን ብናኝ በየተራ ያያል።]

ሾፌሩ፦ ይሄ ከገባሁ ጀምሮ የሚሸተኝ ደስ የሚል ነገር ምንድነው?

ላውንደሪው፦ የልብስ ማለስለሻ ነው። አበባ አበባ ይላል አይደል? ከሁሉም የሚበልጠውን ነው የምገዛው።

ሾፌሩ፦ የማሙሽ ልብስም በዚሁ ነው የሚታጠበው?

ላውንደሪው፦ በሌላ በምን ይታጠባል? የሱን ደግሞ ለብቻው ነው የማነሳው። መጀመሪያ በዱቄት፣ ቀጥሎ ትንሽ በረኪና ጠብ አድርጌ፣ ከዚያ ማለስለሻ፣ ከዚያ ድርቅ እንዲል ስታርች። የሱ ካናቴራ እኮ መስቀያ አይፈልግም። አስቀምጠውት ሲሄዱ እንደቆመ ይጠብቅዎታል።

ሾፌሩ፦ ካናቴራው ይቆማል?

ላውንደሪው፦ ቀጥ ብሎ።

ሾፌሩ፦ ከማሙሽ ቀድሞ ቆመ ይበሉኛ። እሱ ገና መቀመጥ እንኳ እየተለማመደ ነው።

ላውንደሪው፦ የኔ የልጅ ልጅ ተጨማዶ አይታይም።

ሾፌሩ፦ እሱስ ልክ ነው። እና ወረቀቷ የምትለጠፈው ከተወለደ በኋላ ነው?

ላውንደሪው፦ ማን አለ? ገና በማሕፀን እያለ ነው የሚጀምረው። እናትየው የተነፈሰችው፣ የተጨነቀችው፣ ሁሉም ይደርሰዋል።

ሾፌሩ፦ ምራቴ እርጉዝ ሆና ፈቃድ ወጥታ የት ነበር የምትውለው? ሚስቴ ነግራኝ ነበር፣ ረሳሁት።

ላውንደሪው፦ እዚሁ ነዋ። ቤት መቀመጥ ሰለቸኝ ብላ ባንኮኒው ጋ...

ሾፌሩ፦ ባንኮኒው ጋ?

ላውንደሪው፦ ... ታግዘኝ ነበር።

[ካውያው እንደገና "ፍስስስ" ይላል። ላውንደሪው ያጠፋዋል።]

ሾፌሩ፦ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ አማቼ። አይቆጡኝ። ጨርቁ የኔ ነው፤ ተስማምተናል። ወረቀቷ ግን የማን ላውንደሪ የለጠፋት ናት?

ላውንደሪው፦ አሁን ነገር አያጣሙ።

ሾፌሩ፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ አጣምማለሁ? እርስዎ የነገሩኝን ነው መልሼ የምጠይቅዎ።

ላውንደሪው፦ ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆኖብኝ ነው እንጂ፣ ዋናው ጨርቁ ነው። ጨርቁ ጥብቅ ቢሆን ኖሮ እኔ በርሜሉን ብደፋበት ምን ይሆናል? ምንም። የእርስዎ ዘር ነው ያጋለጠው። እንዲያውም በደንብ እንመርምረው። ችፌ፣ አስም፣ ሲያስነጥሱ መዋል፣ እነዚህ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ባለበት ዘር ሌላውም አይጠፋም። እስቲ ያስቡ፤ በእርስዎ ቤት አስም ያለበት የለም?

ሾፌሩ፦ የለም።

ላውንደሪው፦ በደንብ ያስቡ። አቧራ ሲነሳ፣ አበባ ሲያብብ፣ ሲያስነጥስ የሚውል? አይኑ የሚያለቅስ? አፍንጫው... አፍ... [ያስነጥሳል]

ሾፌሩ፦ ይማርዎ።

ላውንደሪው፦ አፍንጫው የሚበ... [ያስነጥሳል፤ ደግሞ ያስነጥሳል]

ሾፌሩ፦ ይማርዎ፣ ይማርዎ።

ላውንደሪው፦ የሳሙናው ዱቄት ነው።

ሾፌሩ፦ በልጆቹ ሠርግ ቀንም ሲያስነጥሱ ነው የዋሉት። ምርቃቱን ሁሉ አቋረጡት።

ላውንደሪው፦ የአበባው ነው። ጠረጴዛው ሁሉ አበባ ነበር።

ሾፌሩ፦ ልክ ነው፤ አበባ ነበር። ነፍሳቸውን ይማርና እናትዎስ? እሳቸው ደህና ነበሩ?

ላውንደሪው፦ እናቴ ምን ትሆናለች? እናቴ ጠንካራ ሴት ነበረች። ያቺ አስም ባታስቸግራት ኖሮ... [አፉን በእጁ ይይዛል]

[የላውንደሪው ስልክ ይጮሃል። አንስቶ ያያል።]

ላውንደሪው፦ ልጄ ናት።

ሾፌሩ፦ ያንሱት እንጂ። ማሙሽ ምን ተባለ?

ላውንደሪው፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ] አቤት ልጄ። ወጣችሁ? እንዴት ነው? [ያዳምጣል፤ ለሾፌሩ] ችፌ ነው ብላለች ዶክተሯ። ብዙ ሕፃን ላይ ይወጣል፣ አትደንግጡ ብላለች። [ለስልኩ] እሺ... ለብ ባለ ውሃ፣ እሺ... ከዚያ ቅባቱን ቆዳው ሳይደርቅ። እሺ ገባኝ። ሽቶ የሌለው ሳሙና... ማለስለሻም? ጨርሶ? በረኪናስ ትንሽ ጠብ... እሺ አትቆጪ። ስታርች ደግሞ ምን አደረጋት? [ያዳምጣል] ሳቀች? ዶክተሯ ሳቀች?

ሾፌሩ፦ ከማን ነው አለች? እሱን ይጠይቁልኝ።

ላውንደሪው፦ [ለስልኩ] ዘር ጠየቀች ወይ? ... ጠየቀች። ምን አልሻት? ... [ፊቱ ይለዋወጣል] የአባትሽን እንጥሻ ለሐኪም ነገርሽ? እናቴን ደግሞ ከመቃብር ምን አስነሳት? ... በእኛ በኩል ሳይሆን አይቀርም አለች? ግን አያቱ በአባቱ በኩል እጃቸው ላይ አለባቸው እኮ። አሁን አይቻቸዋለሁ፣ ጥርት ያለ... ለሷም ነገርሻት? ... ምኑ ስር ነው አለችሽ? [ለሾፌሩ፣ ቀዝቀዝ ብሎ] ሰዓትዎን ያውልቁት ትላለች።

ሾፌሩ፦ ሰዓቴን? ለምን?

ላውንደሪው፦ ያውልቁት።

[ሾፌሩ ሰዓቱን ያወልቃል። ከስሩ ቀይ ክብ ቆዳ ይወጣል፤ ልክ የሰዓቱን ያህል።]

ላውንደሪው፦ [ጎንበስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየዋል] ቁርጥ ሰዓቱን ነው፤ ቆጣሪው ብቻ ነው የቀረው። ይሄን ነው እኔ የዘር ያልኩት?

ሾፌሩ፦ የዘር አይደለም?

ላውንደሪው፦ ይሄ ከየት የመጣ ሰዓት ነው?

ሾፌሩ፦ ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ የሸለመኝ ነው።

ላውንደሪው፦ እንግዲያው ማሳከኩን ከመሥሪያ ቤቱ ነው የወረሱት። ብረቱ ሳይሆን አይቀርም አለች ዶክተሯ፤ አውልቀው ይሰንብቱና ካልተሻለዎት ቀርበው ይታዩ ተብለዋል።

ሾፌሩ፦ ታዲያ... የማሙሽ ችፌ የኔ አይደለም?

ላውንደሪው፦ አይመስልም።

ሾፌሩ፦ እሱም?

ላውንደሪው፦ እሱም። አዩ ያልኩዎትን? ከላይ እስከ ታች የኛው ነው። ጨርቁም የኔ፣ ወረቀቷም የ... [ይቆማል። ስልኩን ያዳምጣል] አቤት? አለሁ። ... ማነው ጥፋተኛ? ማንም አይደለም አለች? ደግ ሴት ናት። ... አዎ። ... አዎ ከላውንደሪው ኋላ ነው የምንኖረው፣ ብናኙ ይገባል፣ ሽታውም... አዎ። ... [ድምፁ ይወርዳል] ለምን ያህል ጊዜ? ... ቆዳው እስኪረጋ። ... እና ቀን ቀን የት ሊውል? ... እሺ። ... አይ፣ አልተቀየምኩም። ማን ይቀየማል። ከዛሬ ነው የሚጀምረው? ... እሺ። እዚህ አታግቢው። እነግራቸዋለሁ።

[ስልኩን ይዘጋል። ጋውኑን አንስቶ መልሶ ያስቀምጣል።]

ሾፌሩ፦ ምን አለች?

ላውንደሪው፦ እርስዎ ቤት ይዋል አለች።

ሾፌሩ፦ [ከበርጩማው ይነሳል፤ ይቀመጣል፤ ይነሳል] ማሙሽ? እኔ ቤት?

ላውንደሪው፦ መሞከር ነው እንጂ በዚህ ይድናል ብዬ አልምልም ብላለች ሐኪሟ። ግን ይሄ ቤት ለጊዜው ይቅርበት ብላለች። እርስዎ ቤት የልብስ ማለስለሻ አለ?

ሾፌሩ፦ ምንድነው እሱ? እኛ እኮ በባሕርያችን ሰነፎች ነን። ልብሱን ውሃ ውስጥ ነክረን ብዙ ሳንለፋበት ነው የምናወጣው።

ላውንደሪው፦ [ወንበር ስቦ ይቀመጣል] እኔ እኮ ወድጄ ነው። ከማጥበው ሁሉ የሱን ነበር የምሳሳለት። ሰው "የማን ልጅ ነው እንዲህ የነጣው" እንዲል። በገዛ እጄ ልጁን ቀቀልኩት።

ሾፌሩ፦ ኧረ አይበሉ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የተባለው ለሁላችንም ነው። ደግሞስ ጥፋተኛ የለም አላለችም? ይምጡና ይዩት። በራችን ክፍት ነው።

ላውንደሪው፦ ማለስለሻዬን ይዤ?

ሾፌሩ፦ ታጥበው። በንጹሕ ውሃ። ልብስዎንም ሳይተኩሱት።

ላውንደሪው፦ ሳልተኩስ ሰው ፊት ወጥቼ አላውቅም።

ሾፌሩ፦ እኛ ሰው አይደለንም፤ አማቾች ነን።

[ሾፌሩ ኮቱን ይለብሳል። ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል። በመስኮቱ ወደ ማዶ ያያል።]

ሾፌሩ፦ ያቻት፤ እበሩ ላይ አቅፋው ቆማለች።

ላውንደሪው፦ ይሂዱ፤ ፀሐይ እንዳይመታው። ግን አንድ ነገር ሳያምኑልኝ አይወጡም።

ሾፌሩ፦ ምን?

ላውንደሪው፦ ማሙሽ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የኔ መሆኑን። አሁን በሐኪም ተረጋግጧል። ከእርስዎ ምንም የለበትም።

ሾፌሩ፦ ምን ጥያቄ አለው? መልኩም የእርስዎ፣ ዘሩም የእርስዎ፣ ችፌውም የእርስዎ፣ የቀሰቀሰውም ቤት የእርስዎ። አንድም የኔ ነገር የለበትም።

ላውንደሪው፦ አመኑ?

ሾፌሩ፦ አመንኩ።

ላውንደሪው፦ እንዲህ ነው እንጂ። ሁሉም የኔ ነው።

ሾፌሩ፦ ሁሉም የእርስዎ ነው። [በሩን ይከፍታል] በሉ ደህና ይዋሉ፤ እኔ ልጁን ብቻ ይዤ ልሂድ።